ከ70 ግራም በታች

በሰሜን ወሎ፣ መቄት ወረዳ፣ በፍላቂት ከተማ ማዋለጃ ክፍል ሕፃኑ ሲወጣ አዋላጇ የእናቲቱን ሆድ ዳብሳ መንታ አለመኖሩን ታረጋግጥና፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጭኗ ላይ ትወጋታለች። ማህፀኗ እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም ነው። መርፌው ውስጥ ያለው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው። መድኃኒቱ፣ ኦክሲቶሲን፣ 10 ዩኒት ሲሆን በሚዛን 17 ማይክሮግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 እስከ 3,000 ፍሬ አለው። እንግዲህ የአንዷ ፍሬ ክብደት ያህል ንጹሕ ኦክሲቶሲን ለ20 ወላዶች ይዳረሳል።

በአገር ደረጃ ሲሰላ ደግሞ ይብስ ያስገርማል። በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ይወለዳሉ። ከመቄት እስከ ሞያሌ ያለች ወላድ ሁሉ፣ ቤቷ የምትወልደውም ሳትቀር፣ አንዳንድ መርፌ ብትወጋ የዓመቱ ፍጆታ 67 ግራም አካባቢ ነው። ኪሎግራም አላልኩም። ነገሩ እንዲህ የሚሆነው መድኃኒቱ የሚሠራው በክብደቱ ሳይሆን በቅንጣቶቹ ብዛት ስለሆነ ነው፤ በአንዱ መርፌ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ወደ 10,000,000,000,000,000 ይጠጋሉ።

ኦክሲቶሲን ፔፕታይድ ነው፤ ማለትም አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት። የሱ 9 ብቻ ናቸው፣ የኢንሱሊን 51። የአሚኖ አሲዱ ዓይነት 20 ነው። 20ውን ዓይነት እያቀያየርን 9 ቦታ ብንሰካ 512 ቢሊዮን የተለያየ ሰንሰለት ይወጣል፤ ተፈጥሮ ከነዚያ አንዱን ለወላድ መርጣለች። ኬሚስቱ ቪንሰንት ዱ ቪኞ ያንን አንዱን እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ሠርቶ በ1955 ኖቤል ተሸለመ።

አሁን በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ገንዘብ ያለው ሰው እርጅናን ይመልሳል እየተባለ የሚወጋውም የዚሁ ዘር ነው። ቢፒሲ-157 ባለ 15 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፣ ኢፒታሎን ደግሞ ባለ 4። 15 ቦታ ላይ ሊሰካ የሚችለው ሰንሰለት ብዛቱ 32,768 ተጽፎ 15 ዜሮ የሚከተልበት ቁጥር ነው። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዱን አንስቶ ጅማትንም፣ ጨጓራንም፣ ዕድሜንም ያድሳል ማለት እኔን ከመድኃኒቱ ይልቅ ስለ ሻጩ እንዳስብ ያደርገኛል።

የቢፒሲ-157ን ብልቃጥ ቀረብ ብለን እንየው። ነጭ ዱቄት፣ 5 ሚሊግራም፣ ብዙ ጊዜ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት። ባለ 15ቱ ሰንሰለት 14 መጋጠሚያ አለው። አምራቹ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በ99 በመቶ ቢያሳካ እንኳ፣ እስከ መጨረሻው ሳይበላሽ የሚደርሰው 87 በመቶ ያህሉ ነው። የቀረው 13 በመቶ አንድ ቦታ የጎደለ ሰንሰለት ነው። ይህን አጣርቶ ማውጣት ጥንቃቄም ገንዘብም ይጠይቃል፤ ማጣራቱን ግን ማንም ቆሞ አያየውም። ከዚያ ገዢው ራሱ በ2 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠብጠውና በኢንሱሊን ሲሪንጅ ይቀዳዋል። በዚያ ሲሪንጅ ላይ አንዲቷ ቀጭን መስመር 25 ማይክሮግራም ትሆናለች፤ 10 መስመር መሳሳት ደግሞ ለጣት ምንም አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የስኳርና የውፍረት መድኃኒት የሆነውን ሴማግሉታይድን ከብልቃጥ እየቀዱ የወሰዱ ሰዎች ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ መውሰዳቸውን አስጠንቅቋል። ያ እንግዲህ የታወቀና የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ቢፒሲ-157ንና ኢፒታሎንን ይኸው መሥሪያ ቤት በ2023 ለደኅንነት ከሚያሰጉት ተርታ መድቧቸው ነበር። ቢፒሲ-157 አዲስ የደም ሥር ያበቅላል ይባላል፤ የተደበቀ ዕጢ ያለበት ሰው ግን ያ የደም ሥር ማንን እንደሚመግብ ማሰብ አለበት። በ2025 ክረምት፣ ብዙ አበሻ በሚኖርባት ላስቬጋስ፣ ስለ ረጅም ዕድሜ በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ ፔፕታይድ የተወጉ ሁለት ሴቶች በጠና ታመው ሆስፒታል ገብተዋል።

ወደ ፍላቂት እንመለስ፤ የማዋለጃውም መርፌ የራሱ ጣጣ አለው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መንገደኛ፣ «እዚህ ደጋ ላይ ደግሞ ፍሪጅ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። የመቄት ብርድ የሌሊት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ መጋዘኑ ከ8 ዲግሪ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ ሰሜን ወሎ በጦርነት ውስጥ በነበረችባቸው ወራት፣ መብራቱም ጠፍቶ ነበር፣ ብዙ ጤና ተቋማትም ተዘርፈዋል። የሞቀ ኦክሲቶሲን መልኩም ሽታውም አይለወጥም፤ ኃይሉ ብቻ ይቀንሳል፣ አዋላጇም የምታውቀው ደሙ አልቆም ሲል ነው።

ለዚህ ሲባል ሙቀት የሚችል ወንድሙ፣ ካርቤቶሲን፣ ተፈተነ። በ30 ዲግሪ 3 ዓመት ይቆያል። ከኦክሲቶሲን አያንስም ለማለት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች 29,645 ወላዶች የተሳተፉበትን ሙከራ አካሂዶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣ። ያውም ውጤቱ በሰዓታት ውስጥ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ደሙ ወይ ይቆማል ወይ አይቆምም።

ቢፒሲ-157 በሰው ደም ሥር ሲሰጥ ጉዳት እንዳለው ለማየት በ2025 የታተመው ጥናት ስንት ሰው ነበረው? 2። በአንድ አልጋ ጠርዝ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ጤነኛ ሰዎች። እርጅና ደግሞ እንደ ወሊድ ደም በሰዓት የሚለካ አይደለም፤ ዘገየ ወይስ አልዘገየም ለማለት ብዙ ሺህ ሰው ለብዙ ዓመት መከታተል ይጠይቃል። ብልቃጡን የሚገዛው ሰው ሦስተኛው ተፈታኝ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ውጤቱን የሚመዘግብለት አለመኖሩና ሒሳቡን ራሱ መክፈሉ ነው።