እንግሊዝኛን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ስለ መለማመድ



አንድ የክፍል ሹም ለጸሐፊው «መግለጫውን እስከ ዓርብ ድረስ እንዲልኩልን ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍላቸው» ብሎ አዘዘው እንበል። ጸሐፊውም «እስከ» ማለት «አንቲል» መሆኑን በልጅነቱ በቃሉ አጥንቷልና እንደዚያው አድርጎ ይጽፋል። ደብዳቤው የደረሰው የውጭ አገር ድርጅት ግን መግለጫውን እስከ ዓርብ ድረስ እየደጋገመ እንዲልክ የተጠየቀ መስሎት ግራ ይጋባል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የእኛ አንዱ «እስከ» በእንግሊዝኛ ለሁለት ይከፈላል። ነገሩ ሳይቋረጥ እስከ ዓርብ የሚቀጥል ሲሆን «አንቲል» ይባላል፤ ከዓርብ ሳያልፍ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ሲሆን ግን «ባይ» ነው። መዝገበ ቃላቱ ጸሐፊውን አልዋሸውም። የጐደለው፥ ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ምን ሥራ እንደሚሠራ አለማወቁ ነው።

ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን ያጠናነው የደብተሩን ገጽ ለሁለት ከፍለን፥ በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ አማርኛውን እየጻፍን ነው። ይህ ልማድ ለፈተና አገልግሎናል። ዳሩ ግን ቃላትን እንጂ ቋንቋውን አላስተማረንም፤ ብዙ ሺህ ቃል የሚያውቅ ሰው አንዲት የሥራ ደብዳቤ ለመጻፍ ሲጨነቅ የምናየውም ስለዚህ ነው። የቃላቱ ብዛት ራሱ እንደሚያስፈራው አይደለም። ማይክል ዌስት የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው፥ ለተማሪ ይበልጥ የሚያስፈልጉት ቃላት ዝርዝር፥ 2,000 ያህል ዋና ቃላትን ብቻ የያዘ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዘንድ እነዚህ አብዛኞቹ አሉ። የሚያስቸግረው እነርሱን ማያያዙ ነው።

አማርኛ ነገሩን ሁሉ አሰናድቶ ካበቃ በኋላ በመጨረሻ በማሰሪያ አንቀጽ ያስረዋል። «ጸሐፊው ትናንት የተፈረመውን ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ወሰደ» ስንል፥ «ወሰደ» እስኪመጣ ድረስ ሰሚው በትዕግሥት ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ከጠራ በኋላ ወዲያው ግሡን ያስከትላል፤ ጸሐፊው ወሰደ፤ ምንን? ደብዳቤውን፤ የትኛውን? ትናንት የተፈረመውን፤ ወዴት? ወደ መዝገብ ቤት። ከዚህም ሌላ የእኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ «ወሰደ» ብቻ ብንል ወሳጁ አንድ ወንድ መሆኑ ይታወቃል። በእንግሊዝኛ «ሂ» ካልተባለ ግን ዐረፍተ ነገሩ ራስ የለውም። የቦዝ አንቀጻችንም ነገር አለ። «ማመልከቻውን ተቀብሎ፥ መርምሮ፥ አስተያየቱን ጽፎ፥ ለሹሙ አቀረበ» ማለት ለጆሯችን የሚጥም አማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ እንደዚሁ ልናስከትለው ብንሞክር ግን ማሰሪያው ይጠፋብናል። አንዱን ረዥም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ መጻፍ ነውር አይደለም። በእኔ አስተያየት እንዲያውም የጥሩ ጸሐፊ ምልክት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የጃፓን ቋንቋም እንደ አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ያደርጋል። ሃሮልድ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ጃፓን ሄዶ ስለ እንግሊዝኛ አስተማመር ሰፊ ጥናት አቋቋመ። የእርሱን ፈለግ የተከተለው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ1942 በቶኪዮ ታተመ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1948 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመው፤ እየታደሰም እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ ተማሪዎች እጅ ይገኛል። የዚህ መጽሐፍ ጥቅሙ የቃሉን ፍቺ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግሥ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል ማሳየቱ ነው። እኛ «ንገረኝ» እና «አስረዳኝ» ስንል የሁለቱ አሠራር አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ቴል ሚ» ይባላል እንጂ «ኤክስፕሌይን ሚ» አይባልም፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ማለት ያስፈልጋል። ለእኛ ቋንቋ ደግሞ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ይተረጕማል። በእጅ ስልክ ላይ የሚገኘው ትርጓሜ ይፈጥናል፤ ሆኖም አንድን ቃል ለብቻው ከሰጣችሁ እንደ ጸሐፊው «አንቲል» ሊያደርጋችሁ ይችላል።

እንግዲህ ልምምዱ እንዴት ይሁን? የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ካወረደና አገባብ ከተማረ በኋላ የሰው ቅኔ በመስማት ብቻ አይቀመጥም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ራሱ እየቈጠረ፥ በመምህሩ ፊት እየታረመ፥ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። እኛም ይህንኑ ሥርዐት ብንከተል ይበጀናል። በቀን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ውሰዱ፤ «ደብዳቤው ደረሰ» የምትለዋ ትበቃለች። በእንግሊዝኛ «ዘ ሌተር አራይቭድ» ትሆናለች። (ስለዚህች ስለ «ዘ» ብዙ የሚባል አለ፤ ለሌላ ጊዜ እናቈየው።) ከዚያ በኋላ «ትናንት» የሚለውን ጨምሩባት፤ ከየት እንደ ደረሰ ጨምሩባት፤ ወደ ጥያቄ ለውጧት፤ አፍርሷትም። አሉታው «ዲድ ናት አራይቭ» ሲሆን፥ የኀላፊው ጊዜ ምልክት ከግሡ ተነሥቶ ወደ ረዳቱ መሄዱን ልብ በሉ። ቀጥሎ «ደርሷል» ብላችሁ «ሃዝ አራይቭድ» ስትሉ፥ «ትናንት» የሚለው ቃል ከዚያ መውጣት አለበት። በአማርኛ «ትናንት ደርሷል» ብንል የሚከለክለን የለም፤ እንግሊዝኛ ግን ያለፈበትን ቀን ከጠሩ በኋላ «ሃዝ» ማለትን አይፈቅድም። ከአንዲት ዐረፍተ ነገር ይህን ያህል ከተገኘ፥ ሃያ ቃል በቃል ከማጥናት የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ ፍርዱ የእናንተ ነው። የጻፋችሁትን ቋንቋውን ከእናንተ የተሻለ ለሚያውቅ ባልደረባ አሳዩ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁም አንብቡት።

በስብሰባና በስልክ ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያመጣ አንድ ነገር ቀርቷል። የውጭ አገር ሰው «ደብዳቤው አልደረሰም ወይ?» ብሎ በአሉታ ሲጠይቀን፥ በአማርኛ ልማዳችን «አዎን፥ አልደረሰም» ለማለት አስበን «የስ» እንላለን። ጠያቂው ግን «ደርሷል» ያልነው ይመስለዋል፤ በእንግሊዝኛ «የስ» እና «ኖ» የሚከተሉት የጠያቂውን አነጋገር ሳይሆን የራሱን የመልሱን ግሥ ነውና። ስለዚህ መልሱ አሉታ ከሆነ፥ ጥያቄው በምንም መልክ ቢቀርብ «ኖ» በሉ። ይህ እስኪለመድ ድረስም ሁለቱን ቃላት ለብቻቸው አትተዋቸው፤ «ኖ፥ ኢት ሃዝ ናት አራይቭድ» ብላችሁ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር አስከትሉ። አፋችሁ በ«የስ» ቢቀድማችሁ እንኳ የተከተለው ዐረፍተ ነገር ሰሚውን ያነቃዋል፤ እርሱም መልሶ ይጠይቃችኋል።