የሜይንፍሬም ላይሰንስ ቁልፍ፦ የሚባለውና እውነታው

የሚባለው፦ «ሜይንፍሬም ያለፈበት ማሽን ነው፤ እኛን አይነካንም።»
እውነታው፦ በላሊበላ አካባቢ ያለችውን የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ወይም ለመጎብኘት በአውሮፕላን ላሊበላ የሚደርስ መንገደኛ ከሜይንፍሬም ዓለም አልራቀም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞቹን የሚመዘግብበት ሴበር የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይ ተወልዶ ያደገ ነው። ስህተቱ የሚዘልቀው ማሽኑ ከዓይን ስለራቀ ነው፤ ሰው የሚያየው ስልኩንና ላፕቶፑን ብቻ ነው።

የሚባለው፦ «ቁልፉ እጃችን ከገባ ፈቃዱም የእኛ ነው።»
እውነታው፦ ፈቃዱ ውሉ ነው፤ ቁልፉ ውሉን ተከትሎ ከአቅራቢው የሚላክ ኮድ ብቻ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። በየሱቁ በፍላሽ የሚጫነው ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ስለሚከፈት ብቻ ብዙ ሰው ሕጋዊ ይመስለዋል። መከፈቱ ግን መብት አይሰጥም።

የሚባለው፦ «ቁልፍ ካልጠየቀ ክፍያ የለውም።»
እውነታው፦ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በሰኔ 1969 ሶፍትዌርን ከማሽኑ ለይቶ እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ከዚያ በፊት አብሮ ይመጣ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የአይቢኤም ሜይንፍሬም ምርቶች ቁልፍ ሳይጠይቁ ይሠራሉ፤ ሒሳባቸው ግን ደንበኛው በየወሩ በሚልከው የአጠቃቀም ሪፖርት ይሰላል። ሪፖርቱን የዘነጋ ዕዳውን አላመለጠም።

የሚባለው፦ «አንዴ የገባ ቁልፍ በየትኛውም ማሽን ይሠራል።»
እውነታው፦ ብዙ አቅራቢዎች ቁልፉን ከፕሮሰሰሩ ሲሪያል ቁጥር ጋር ያስሩታል። ማሽኑ ሲቀየር ቁልፉም ይቀየራል። ችግሩ የሚከፋው በአደጋ ጊዜ ነው፦ ዳታው ወደ መጠባበቂያው ማዕከል በሚገባ ተገልብጦ ሳለ፣ የዚያኛው ማሽን ሲሪያል ቁጥር ሌላ ስለሆነ ምርቱ አልነሳም ሊል ይችላል። የመጠባበቂያ ቁልፍ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ መሥራቱም በልምምድ ይፈተሻል።

የሚባለው፦ «ጊዜው ሲያልፍበት ወዲያው እናውቃለን።»
እውነታው፦ አንዳንዱ ምርት ኮንሶል ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሌላው ተነሥቶ እስካለ ድረስ ይሠራና በቀጣዩ ማስነሻ እምቢ ይላል። ሜይንፍሬም ሳይጠፋ ወራት ስለሚቆይ «ምንም አልሆነም» የሚለው ግምት ሥር ይሰዳል። ማስጠንቀቂያውም በሺህ በሚቆጠሩ መልእክቶች መሐል ተውጦ ይቀራል።

የሚባለው፦ «ቁልፎቹን የሚያውቅ ሰው አለን።»
እውነታው፦ ያ ሰው ነገ ሥራ ሊለቅ ይችላል። መዝገብ ያስፈልጋል፦ የምርቱ ስም፣ ቨርዥኑ፣ የማሽኑ ሲሪያል ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የውሉ ቁጥር፣ የአቅራቢው አድራሻ። ዜሮና «ኦ» ስለሚምታቱ ቁልፉ በእጅ አይጻፍም፤ ከተላከበት ፋይል ይገለበጣል። አንድ ቅጂ ከማሽኑ ውጭ ይቀመጥ፤ ማሽኑ ሲወድቅ መዝገቡም አብሮ ከወደቀ ጥቅም የለውም። አዲስ ቁልፍ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ይጠየቅ፤ ግዢና ፊርማ ጊዜ ይወስዳሉ።