ስኮላርሺፕ የሚሸፍነውና የሚተወው፦ የኅብረተሰብ ጤና የመስክ ጥናት ከካዛንቺስ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ለኅብረተሰብ ጤና የመስክ ጥናት የሚሰጡ ስኮላርሺፖችን ይመለከታል። በየዓመቱ ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች ሦስት ነገር ይጠይቁኛል፦ ማን ይሰጣል? ስንት ይሰጣል? ማመልከቻው መቼ ይዘጋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከሦስቱም መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ የጥናቱን የትኛውን ክፍል ይሸፍናል፣ የትኛውንስ ይተዋል የሚለው ነው። ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው ክፍል ውጤቱን ወደ ተጠኚው ሰው መመለስ መሆኑን፣ ይህም መታረም የሚችል መሆኑን ነው።

ነገሩን ሁላችንም ከምናውቀው ሰፈር ልጀምር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም አሕጽሮተ ስም ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን በዚሁ አካባቢ አደረገ፤ የአፍሪካ አዳራሽም እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ። በዙሪያው ሆቴሎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቢሮዎች በረከቱ። ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፣ መጸዳጃ በጋራ የሚጠቀሙ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ስለ ጤና ጥናት ገንዘብ የሚመከርበት ቢሮና መጠይቁ የሚሞላበት ቤት የአምስት ደቂቃ መንገድ እንኳ የማይራራቁበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም ከቤቱ ወደ ቢሮው የሄደው መረጃ ወደ ቤቱ ሲመለስ እምብዛም አልታየም።

እኔም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለሁም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ ያጠናሁት በእነዚሁ የቀበሌ ቤቶች የሚኖሩ ሕፃናትን የተቅማጥ በሽታ ነበር። አንድ የውጭ ለጋሽ አነስተኛ ድጎማ ሰጠኝ። በጀቱ የመጠይቅ ማባዣ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች አበልና የትራንስፖርት ወጪ ነበረው። ስድስት ሳምንት ቤት ለቤት ዞርን። መረጃውን ተነተንኩ፤ ጽሑፌን በጥቁር ሽፋን አስጠርዤ ለቤተ መጻሕፍት አስረከብኩ፤ ተመረቅሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ፣ ቡና አፍልተው መጠይቁን ያስሞሉኝን አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ልጄ፣ ያ የጻፍከው ወረቀት ምን ደረሰ? ስለ መጸዳጃው ጠይቀኸን አልነበር?» አሉኝ።

«እማማ፣ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል» አልኳቸው።

«እዚያ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

በጽሑፌ የመጨረሻ ምዕራፍ የጋራ መጸዳጃዎቹ ሳይሞሉ በፊት በጊዜው መመጠጥ እንዳለባቸው፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃም በአጠገባቸው መኖር እንዳለበት ጽፌ ነበር። ለእማማም ሆነ ለቀበሌው ግን አልተናገርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሁንና በጀቱን መልሼ ሳገላብጠው ውጤቱን ለነዋሪው ለማሳወቅ የተመደበ አንድ ብር አጣሁበት። ለመጠየቅ ተከፍሎኛል፤ ለመመለስ አልተከፈለኝም።

ከዚህ ተነሥተን ስኮላርሺፖቹን በሦስት ከፍለን እንመልከት። የመጀመሪያው ተማሪው ሙሉ ትምህርቱን ውጭ አገር የሚከታተልበትና ለመረጃ ስብሰባ ብቻ ለጥቂት ወራት አገሩ የሚገባበት ነው። የኑሮና የትምህርት ወጪውን በሚገባ ይሸፍናል፤ ሆኖም የጥናቱ ጥያቄ ከመስኩ ርቆ የመቀረጽ አደጋ አለው። ሁለተኛው እኔ እንዳገኘሁት ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ ድጎማ ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ግን አጭርና ጠባብ ነው። ሦስተኛው በተለምዶ «ሳንድዊች» የምንለው ነው። ተማሪው ለኮርስና ለትንተና ውጭ አገር ቆይቶ የመስክ ሥራውን አገሩ ላይ ያካሂዳል፤ ከሁለቱም ወገን አማካሪ ይኖረዋል።

ለሦስተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌያችን ቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በስዊድን መንግሥት የምርምር ትብብር ድጋፍ፣ በ1979 ዓ.ም. ገደማ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የቤተሰብ ቆጠራ አካሄደ። ከዚያ በኋላ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በተከታታይ ተመዘገበ። በርካታ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ከዚሁ መዝገብ ላይ ተሠሩ። ትምህርቱ ምንድን ነው? ገንዘቡ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለቦታውም ተመድቧል። አንዱ ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ መዝጋቢዎቹ፣ የቤቶቹ ዝርዝርና ከነዋሪው ጋር ያለው ትውውቅ ለሚቀጥለው ተማሪ ይቆያሉ። ጎንደር በዳባት፣ ጅማ በግልገል ጊቤ፣ ሐረማያ በቀርሳ ያቋቋሟቸው የመስክ ማዕከላትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

ሌላም ምሳሌ ላክል። የአሜሪካው ፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2004 በጀመረው የምርምር ሥልጠና ከአሜሪካ የሚላከው ሠልጣኝ ከተቀባዩ አገር አቻው ጋር እንዲጣመር ተደርጎ ነበር። እንግዳው ሲሄድ አገሬው ይቀራል። እዚህ ከተማ ለጥቂት ሳምንታት መጥተው መረጃ ይዘው የሚመለሱ የውጭ ተማሪዎችን ለምናስተናግድ ለእኛ፣ «አቻው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ተገቢያችን ነው።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልበል። በጆንስ ሆፕኪንስ የሠለጠኑት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የበሽታው ተሸካሚዎች ናቸው። ከዚያች አስተውሎት የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን «ራይት ላይቭሊሁድ» ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት አብቅቷል። ይህ ግኝት በመጠይቅ ውስጥ አልነበረም። ወንዙ ዳር የቆመ፣ ለማየትም ጊዜ ያገኘ ሰው ነው ያየው። ጊዜን የማይሸፍን ስኮላርሺፕ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ካዛንቺስ ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማቱ ጋር ተያይዞ በርካታ ነዋሪዎች ከሰፈሩ ተነሥተው ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ሄዱ። ለመስክ ተመራማሪ ይህ ተግባራዊ ጥያቄ ያስነሣል። ናሙና ያወጣንበት የቤቶች ዝርዝር ከእንግዲህ አያገለግልም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ከቅርብ ጤና ተቋም ይወስድ የነበረ ሰው በአዲሱ ሰፈሩ ክትትሉን ቀጥሏል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሰውየውን ፈልጎ ማግኘት አለበት። የስድስት ሳምንት ድጎማ ለዚህ አይበቃም። የእማማም ቤት ዛሬ በቦታው የለም። መልሱን ይዤ ብሄድ እንኳ የምቆምበት ደጃፍ የለም።

ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ አራት ነገሮችን በጀታችሁ ውስጥ እንድታስገቡ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ውጤት የመመለሻ ወጪ። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለነዋሪዎች የሚደረግ የግማሽ ቀን ስብሰባ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ሻይና ዳቦ። ከጠቅላላው በጀት እጅግ ትንሹ ነው።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ የጊዜ ሰሌዳ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከዚያም ከትምህርት ክፍሉ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው የድጋፍ ደብዳቤ ጊዜ ይወስዳል። የድጎማው ወራት ከፈቃዱ በኋላ መቆጠር እንዲጀምሩ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ቤቱን የሚያውቁ ሰዎች ዋጋ። በሩን የሚያስከፍትልን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ድካሟ በአበል ብቻ ሳይሆን በምስጋና ገጹም ላይ በስሟ ይታወቅ።

አራተኛ፣ የምንዛሪ ለውጥ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በእጅጉ ወርዷል። በብር የተፈቀደ በጀት ከውጭ የሚገባ የመመርመሪያ ኪት ለመግዛት ሊያንስ ይችላል። መጠባበቂያ ያዙ።

ለባልደረቦቼም አንድ ሐሳብ አለኝ። ተማሪው ጽሑፉን ከመከላከሉ በፊት ውጤቱን ለተጠኚው ማኅበረሰብ ማቅረቡን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያያይዝ ብንደነግግ ምን ይመስላችኋል? ለጋሾች የምንጠይቃቸውን ይሰጣሉ፤ ያልጠየቅነውን በጀት ግን ማንም አይመድብልንም። እኛ ግዴታ ካደረግነው ተማሪው ለመጠየቅ ምክንያት ያገኛል።

ተማሪዎች ሆይ፣ የነገው ማመልከቻችሁ ላይ የበጀት ሠንጠረዡን ስትሞሉ የመጨረሻውን ረድፍ ክፍት ተዉት። «ወረቀቱ ምን ደረሰ?» ለሚል ሰው መልስ ይዛችሁ የምትሄዱበትን የታክሲ ሒሳብ እዚያ ጻፉ።