ብሎኑ ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም፦ የጭነት መኪና የፍሬን ቧንቧ ማገናኛዎችን ስለ ማዛመድ

ለገጠር ልማት ሥራ የተመደበ የጭነት መኪና ምርጥ ዘር፣ የውኃ ቧንቧ ወይም የዕርዳታ እህል ጭኖ የሚጓዘው በአብዛኛው በተራራማ መንገድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሻገር መኪና እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የአሽከርካሪው፣ የረዳቱና በመንገዱ ዳር የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ደኅንነት የሚመካው ከእርሳስ በማይወፍር የብረት ቧንቧና በጫፉ ላይ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ማገናኛ ላይ ነው።

በአገራችን የሚሠሩ የጭነት መኪኖች ሥሪታቸው ከጃፓን፣ ከአውሮፓ፣ ከቻይናና ከሌሎችም አገሮች ነው። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ፣ ወይም የመኪናው የመጫን አቅም እንዲሻሻል በተፈለገ ጊዜ፣ የአንዱን ሥሪት ማስተር ሲሊንደር ወይም አክስል ለሌላው መጠቀም በየጋራዡ የተለመደ ነው። ይህን የመሰለ ማሻሻያ ሲደረግ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ «ቧንቧው ይገጥማል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በተሳሳተ መንገድ ነው፤ ብሎኑ ዞሮ ከገባ ገጠመ ተብሎ ይታለፋልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መግባትና መግጠም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስረዳት ነው።

ዘይቱን የሚያግደው ምንድን ነው?

በዘይት ግፊት በሚሠራ ፍሬን አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር ሲሊንደሩ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል። ዘይት በቀላሉ የማይታመቅ በመሆኑ ግፊቱ በቧንቧዎቹ በኩል ወዲያውኑ ወደየጎማው ይደርሳል። ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት 100 ባር አካባቢ ሊደርስ፣ አንዳንዴም ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ይህም በአንዲት የቤት አውቶሞቢል ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት 40 እጥፍ ያህል ነው።

የቧንቧው ጫፍ በልዩ መሣሪያ ተሰፍቶ ከንፈር እንዲኖረው ይደረጋል። ቧንቧው በመካከሉ የሚያልፍበት ክፍት ብሎን አለ፤ ከዚህ በኋላ የቧንቧ ብሎን እንለዋለን። ይህ ብሎን ሲጠብቅ የቧንቧውን ከንፈር በተቀባዩ ቀዳዳ ውስጥ ካለው መቀመጫ ጋር ያጣብቀዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዘይቱን የሚያግደው የብሎኑ ጥርስ አለመሆኑ ነው። የጥርሱ ተግባር መግፋትና መያዝ ብቻ ነው፤ ዘይቱን የሚያግደው የከንፈሩና የመቀመጫው መተቃቀፍ ነው። ስለሆነም በፍሬን ዘይት መስመር ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ የቴፍሎን ጥቅል በብሎኑ ጥርስ ላይ መጠምጠም ምንም አይጠቅምም። ይልቁንም ቁራጩ ተበጥሶ ወደ ዘይቱ በመግባት ቀጫጭን መተላለፊያዎችን ሊደፍን ይችላል።

መዛመድ ያለባቸው ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው የቧንቧው የውጭ ስፋት ነው። በአነስተኛና በመካከለኛ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው 4.75 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህ በኢንች ሲለካ 3/16 ከሚባለው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከፍ ያለው መጠን ግን ያሳስታል። የ6 ሚሊ ሜትር ቧንቧና የ1/4 ኢንች ቧንቧ በዐይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሆኖም የኋለኛው 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ለሌላው በተሠራ ብሎን ውስጥ በአግባቡ አይቀመጥም።

ሁለተኛው የብሎኑ ጥርስ ነው። በጃፓንና በአውሮፓ መኪኖች ላይ ለ4.75 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የተለመደው ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ነው። በአሜሪካና በቀድሞ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ደግሞ 3/8 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ ያለው ብሎን ይገኛል። የኢንቹ ብሎን በሚሊ ሜትር ሲሰላ ውፍረቱ 9.53፣ የጥርሱ ርቀት 1.06 ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ የኢንቹ ብሎን በ10 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ውስጥ እየተወዛወዘ ይገባል፤ መጀመሪያ ላይም የያዘ ይመስላል። ነገር ግን የሚነካካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ በደንብ ሲጠበቅ ወይም በኋላ በጉዞ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጥርሱ ይላጫል። በተገላቢጦሽ 10 ሚሊ ሜትሩን በኢንቹ ቀዳዳ ለማስገባት በቁልፍ የሚታገል ሰው የማስተር ሲሊንደሩን ጥርስ ያበላሻል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመቀመጫው ቅርጽ ነው። በብዙ የጃፓንና የአሜሪካ መኪኖች የቧንቧው ከንፈር በድርብ ታጥፎ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ዝንባሌው 45 ዲግሪ ያህል ነው። ተቀባዩ ቀዳዳ ውስጥም ከመካከሉ ወደ ላይ የወጣ ሾጣጣ መቀመጫ አለ፤ ሾጣጣው በከንፈሩ ውስጥ ይገባል። በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ግን የቧንቧው ጫፍ እንደ እንጉዳይ ራስ ያበጠ ነው፤ መቀመጫውም በተቃራኒው ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው።

ጥርሱ አንድ፣ መቀመጫው የተለያየ

ዋናው አደጋ የሚመጣው ከዚሁ ነው። የጃፓን ሥሪት በሆነ መካከለኛ የጭነት መኪና ላይ የአውሮፓ ሥሪት ማስተር ሲሊንደር ተተከለ እንበል። ሁለቱም ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎንና ባለ 1 ሚሊ ሜትር ጥርስ ስለሆኑ የድሮው ቧንቧ ብሎን በጣት እየዞረ እስከ መጨረሻው ይገባል። አይወዛወዝም፤ አይታገልም። ነገር ግን እንደ ማንቆርቆሪያ የተከፈተው ከንፈር በጎደጎደው መቀመጫ ላይ ሲያርፍ የሚነካው በጠርዙ በቀጭን መስመር ብቻ ነው። መካኒኩ አጥብቆ ሲያስረው ቧንቧው ትንሽ ይጨፈለቅና ለጊዜው ዘይቱን ያግዳል። በጋራዡ ግቢ ውስጥ ሲሞከርም አንዲት ጠብታ ላትታይ ትችላለች።

ግቢው ውስጥ ያልታየው ጉድለት የሚገለጠው መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ነው። ፔዳሉ ደጋግሞ በኃይል ይረገጣል፤ ሻሲው ይንቀጠቀጣል፤ የተጨፈለቀው ከንፈርም ይሰነጠቃል ወይም ይላላል። መኪናው ሁለት የተለያዩ የዘይት መስመሮች ካሉት አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይቀራል፤ ሆኖም ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በእጅጉ ይረዝማል። አንድ መስመር ብቻ ባለው አሮጌ መኪና ግን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርድና የእግር ፍሬን ጨርሶ አይኖርም።

ትክክለኛው መፍትሔ

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ቧንቧ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው የሚል ሕግ የለም። ስለዚህ አዲስ ቧንቧ ተቆርጦ፣ በማስተር ሲሊንደሩ በኩል ያለው ጫፍ ማስተር ሲሊንደሩ የሚፈልገውን ከንፈርና ብሎን፣ በጎማው በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ የዚያኛውን ከንፈርና ብሎን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱም ብሎኖች ከንፈሩ ከመሠራቱ አስቀድሞ በቧንቧው ላይ መግባት አለባቸው። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ለዚሁ ተግባር በፋብሪካ የተሠራ መሸጋገሪያ ማገናኛ መጠቀም ይቻላል። ሆኖም መሸጋገሪያን በመሸጋገሪያ ላይ መደራረብ ሊያፈስ የሚችለውን ቦታ ማብዛት ስለሆነ አይመከርም።

ከሥራው በፊት መካኒኩ የሚከተሉትን ቢያደርግ ስሕተቱን አስቀድሞ ይይዘዋል። የቧንቧውንና የብሎኑን ውፍረት በካሊፐር፣ የጥርሱን ርቀት በጥርስ መለኪያ ይለካል። በባትሪ ብርሃን ወደ ቀዳዳው ተመልክቶ መቀመጫው ወደ ላይ የሾጠጠ ወይም ወደ ውስጥ የጎደጎደ መሆኑን ይለያል። ባዶውን ብሎን ያለ ቁልፍ በጣቱ ብቻ እስከ መጨረሻው ያስገባል፤ ከተወዛወዘ ወይም ከታገለ ያቆማል። በመጨረሻም ከንፈሩን በቀለም ቀብቶ በልኩ ካጠበቀ በኋላ ይፈታዋል። በመቀመጫው ላይ ያልተቋረጠ የቀለም ቀለበት ከታየ ተቃቅፏል፤ ቀለበቱ ከተቆራረጠ አልገጠመም። ቀለሙ ከተጠረገ በኋላ ቧንቧው ይታሰራል።

የቧንቧው ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። ለፍሬን የሚሆነው ለዚሁ የተሠራ ባለ ድርብ ግድግዳ የብረት ቧንቧ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። ንጹሕ መዳብ ለማጠፍ ቢመችም በመንቀጥቀጥ ብዛት እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቧንቧውን ቆርጦ በቀለበት በሚጨብጥ የውኃ ወይም የነዳጅ ማገናኛ መቀጠልም ለፍሬን ግፊት የተሠራ ስላልሆነ መደረግ የለበትም። ከመዳብ የተሠሩት ማሸጊያ ሩንዴላዎች ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጨመቁ ስለሚደርቁ በተፈቱ ቁጥር መለወጥ አለባቸው።

በአየር ግፊት በሚሠራ ፍሬን

በከባድ መኪኖች ላይ ፍሬኑ የሚሠራው 8 ባር አካባቢ በሆነ የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ቢሆንም የማዛመዱ ጥያቄ አይቀርም፤ የሚለየው የማሸጊያው ዘዴ ነው። እዚህ ጥርሳቸው ወደ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድና በጥርሱ ላይ በሚደረግ ማሸጊያ የሚታገዱ ማገናኛዎች አሉ። ሌሎቹ ቀጥ ያለ ጥርስ ኖሯቸው በጎማ ቀለበት ይታገዳሉ። በአውሮፓ ሥሪቶች ላይ ባለ 16 እና ባለ 22 ሚሊ ሜትር ሆነው የጥርሳቸው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆኑት ከኋለኞቹ ወገን ናቸው።

እየቀጠኑ ከሚሄዱት መካከል የአሜሪካው 1/4 ኢንች በአንድ ኢንች 18 ጥርስ፣ የእንግሊዙ 1/4 ኢንች ደግሞ 19 ጥርስ አለው፤ የጥርሳቸው ማዕዘንም 60 እና 55 ዲግሪ ነው። ጥቂት ዙር አብረው ይሄዱና ከዚያ ይነካከሳሉ። በፕላስቲክ ቱቦዎች ላይም የ10 ሚሊ ሜትርና የ3/8 ኢንች ቱቦ ልዩነት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሆኖም በግፊት በሚገባ ማገናኛ ውስጥ ይህች ልዩነት አየር ለማሳለፍ ወይም ቱቦው ተነቅሎ እንዲወጣ ለማድረግ ትበቃለች። አየሩ ከመጠን በላይ ሲቀንስ በስፕሪንግ የሚሠራው የማቆሚያ ፍሬን በራሱ ይይዛል፤ መኪናውም ባልታሰበ ስፍራ ይቆማል።

ከሥራው በኋላ

ማገናኛዎቹ ከታሰሩና አየሩ ከመስመሩ ከወጣ በኋላ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ በኃይል ተረግጦ ለጥቂት ደቂቃዎች መያዝ አለበት። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም ማስተር ሲሊንደሩ ራሱ ችግር አለበት። ሌላ ሰው በዚያው ጊዜ እያንዳንዱን ማገናኛ በደረቅ ወረቀት ይጠርጋል፤ በወረቀቱ ላይ ርጥበት ከታየ ሥራው አልተፈጸመም። በአየር ፍሬን ላይ ይህንኑ የሳሙና አረፋ ያሳያል። ቀጥሎ መኪናው ባዶውን፣ በሜዳ ላይ፣ በዝግታ ይሞከራል፤ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላም ማገናኛዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ። አለማፍሰስ ብቻውን ማሻሻያው ትክክል ነው አያሰኝም፤ የማስተር ሲሊንደሩ መጠንና የፊትና የኋላ ጎማዎች የፍሬን ሚዛን ለብቻው በባለሙያ ሊታይ ይገባዋል።

ተሽከርካሪዎችን የሚያስተዳድሩ ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። የተለወጠው ቧንቧ የትኛው ጫፉ ምን ዓይነት ከንፈርና ምን ዓይነት ጥርስ እንዳለው በመኪናው የጥገና መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ይገባል። ይህ ካልተጻፈ ከዓመት በኋላ በሌላ ከተማ መኪናውን የሚጠግነው መካኒክ የፋብሪካውን መጽሐፍ አምኖ የተሳሳተውን ቧንቧ ይገዛል። የጥርስ መለኪያ፣ ካሊፐርና የቧንቧ ከንፈር ማውጫ መሣሪያ ለጋራዡ መግዛትም ወጪው ከአንድ ቀን የመኪና መቆም ጉዳት ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ኃላፊው «ብሎኑ ገብቷል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «መቀመጫው ታይቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አሽከርካሪው ቁልቁለቱን በተሻለ ዋስትና ይወርዳል።