የካሳው ስሌት በስንተኛው ዓመት ይመጣል?

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ሲሰማ፣ ቀድመው ተቃውሞ ያነሱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. አገርሽቶ የብዙዎች ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተሰረዘ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የክርክሩ መሃል ላይ ነበሩ። ከእነዚህ ከተሞች ወጥቶ ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ልጅ አይጠፋም። ቤተሰቡ «ለመሬታችን ስንት ይገባናል?» ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰውን ከየትኛው ኮርስ ያገኘዋል?

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና አርሶ አደሩ የሚካሰው ለንብረቱና ለሚያጣው ገቢ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ይዞታውን ለዘለቄታው ለሚለቅ ሰው ያለፉትን 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ያባዛ ነበር። በዓመት 20 ሺህ ብር የሚያገኝ ቢሆን 200 ሺህ ይሰጠዋል። ማስተር ፕላኑ በተሰማበት ዓመት የቁጠባ ወለድ መነሻው 5 በመቶ ስለነበር፣ ብሩን ባንክ ቢያስገባ የሚደርሰው 10 ሺህ ነው፤ ካጣው ግማሹ። አስር እጥፉ ካጣው ጋር የሚስተካከለው ወለዱ 10 በመቶ ቢሆን ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን ወደ 15 አሳደገ፤ መነሻውንም ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ አደረገ። ወለዱ በጥቅምት 2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ስለነበር 300 ሺህ ብር በዓመት 21 ሺህ ያስገኛል። ወረቀት ላይ ሰውየው ተካሰ። በ2014 ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ስለዘለለ፣ ወለዱን ሳይነካ ቢያስቀምጥ እንኳ ገንዘቡ እጁ ላይ ይሟሟል። ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ የሚያወጣው ዋጋ ከካሳው ጋር አይገናኝም፤ ልዩነቱን ማን ወሰደው የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ የመንግሥት ፋይናንስ ርዕስ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የነገን ብር በዛሬ ዋጋ መመንዘር ብቻ ነው። በትምህርት ዕቅዱ ግን ይህ ጉዳይ በደንብ የሚነሳው በፕሮጀክት ትንተና ኮርስ፣ ማይክሮው፣ ማክሮውና ስታቲስቲክሱ ካለፉ በኋላ ነው። የቅደም ተከተሉ ምክንያት ይገባኛል፤ ያለ ስታቲስቲክስ ኢኮኖሜትሪክስ አይሞከርም። ካሳን ለማስላት ግን፣ የካልኩለስ መምህራን ይቅር ይበሉኝና፣ ማካፈልና ማባዛት በቂ ነው።

ስለ ትምህርቱ ያለን ክርክር ግን ሲዞር የኖረው በዓመታቱ ቁጥር ላይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲግሪው ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ወረደ፤ በ2012 ፍሬሽማን ተመልሶ አራት ሆነ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ መመረቅ ቀርቷል። ተማሪ ለፈተና የሚመጣውን ማንበቡ አይቀርም፣ መምህርም ሽፋን ማሟላቱ፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ ውጪ ላለ ጉዳይ የሚተርፈው ሰዓት ጠባብ ነው።

በክፍል የሚቀርቡት ምሳሌዎችም ከቤት ሩቅ ናቸው። ስለ ፋብሪካ አቀማመጥ ለማስተማር የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካና የጂቡቲ ባቡር መነሻ የሆነችው ሰበታ አለች። ከቡራዩ ወጣ ብሎ ያለው የገፈርሳ ግድብ ውሃውን ለአዲስ አበባ ይልካል፤ በሱሉልታ ውሃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች አሉ። የተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚክስ መምህር «ውሃውን የሚጠቀመው ሌላ፣ አጠገቡ የሚኖረው ሌላ ሲሆን ዋጋውን ማን ይክፈል?» ለማለት ሌላ አገር መሄድ የለበትም።

ዛሬ ሦስቱም በ2015 በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በእኔ አስተያየት ገና በመግቢያው የኢኮኖሚክስ ኮርስ፣ ከፍላጎትና አቅርቦት ቀጥሎ፣ አንድ የካሳ ተመን ወደ ክፍል ይግባ። በ5 በመቶ ያሰላና በ10 በመቶ ያሰላ ተማሪ ለአንድ ማሳ ሁለት የተለያየ ካሳ ይዘው ይመጣሉ፤ የማን ወለድ ይሁን ብለው እዚያው ይከራከሩ።