ሻጩ የማይነግራችሁ የስፒከር ገመና

እስቲ ጠጋ በሉ። ይቺን ጮክ ብዬ ብናገራት ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ታጣላኛለች፤ ስለዚህ እዚሁ በመካከላችን ትቅር።

የሃይ-ፋይ ስፒከር ሊገዛ የገባ ሰው ቀድሞ የሚነገረው የኮኑ ስም ነው፤ ከፊት ያለው፣ ሙዚቃው ሲከፈት የሚርገበገበው ሾጣጣ። "ኬቭላር ነው" ሲሉት ጥይት መከላከያ ጃኬት ትዝ ይለውና ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። "አሉሚኒየም ነው"፣ "ማግኒዚየም ነው" የሚሉትም ያው ናቸው። ወረቀት ነው ብሎ የሚፎክር ሻጭ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ጉዱ ታዲያ እዚህ ጋ ነው፤ ውስጡን የምናውቅ ሰዎች ለራሳችን ስንገዛ ዓይናችን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በዚያው በተናቀው ወረቀት ላይ ነው።

ከጥሩ ኮን ሦስት ነገር ይጠበቃል፤ ቀላል መሆን፣ አለመተጣጠፍ፣ የራሱን ንዝረት ቶሎ ውጦ ዝም ማለት። ሦስቱንም አሟልቶ የተገኘ ቁስ የለም። የብረቱን ኮን በጥፍር መታ ብታደርጉት ይጮሃል፤ ወረቀቱ ጠብ ብሎ ያበቃል። (በሰው ዕቃ ላይ አትሞክሩት።)

አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም ኮን በዝቅተኛው ድምፅ ላይ እንከን አይወጣለትም፤ ሁለመናው አንድ ሆኖ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ከ5 እስከ 8 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይጮሃል። መሐንዲሱ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን ማጣሪያ፣ ወደ 2 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያወርድና ገላገልኳችሁ ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ኮኑን የሚያንቀሳቅሱት ማግኔቱና ኮይሉ ራሳቸው ትንሽ መዛባት ይፈጥራሉ፤ የ2 ሺህ ኸርዝ ድምፅ ሦስት እጥፉ 6 ሺህ ላይ ይወድቃል። ኮኑ የሚጮኸው እዚያው 6 ሺህ ላይ ከሆነ፣ ያቺን ኢምንት መዛባት ተቀብሎ ያጎላታል። መዛባቱ የሚወለደው ከክሮስኦቨሩ ወዲህ ስለሆነ ማጣሪያው በቀላሉ አይደርስበትም። ጥርት ያለ ድምፅ እየሰማን ጆሯችን ቶሎ የሚሰለቸው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

የቢቢሲ የምርምር ክፍል ሰዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወረቀትን የሸሹት በሌላ ምክንያት ነበር፤ አንዱ ኮን ከሌላው አልመሳሰል ስላላቸው። ቤክስትሪን ወደተባለ ፕላስቲክ ዞሩ። እሱም ብቻውን አልበቃ ብሎ ንዝረቱን የሚያፍን ቅባት ይቀባ ጀመር። ቅባቱ ክብደት ጨመረ። ዝነኛው የቢቢሲ ስፒከር ኤልኤስ 3/5ኤ ከ82 እስከ 83 ዴሲቤል ብቻ የሚያወጣው አንድም በዚህ የተነሳ ነው፤ 88 የሚያወጣ ስፒከርን ያህል እንዲሰማ ከፈለጋችሁ የአምፕሊፋየሩ ጉልበት አራት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ኋላ ላይ ከዚያው ክፍል የወጣው ዱድሊ ሃርዉድ ፖሊፕሮፒሊንን ይዞ በ1977 ሃርበዝ የተባለውን የስፒከር ኩባንያ መሠረተ።

ወረቀትም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የዴንማርኩ ስካን-ስፒክ በሬቭሌተር ምርቶቹ የወረቀቱን ኮን በስለት ይሰነጥቅና ስንጥቁን ንዝረት በሚውጥ ማጣበቂያ ይሞላዋል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ጠባሳ ይመስላል። ያማሃ በ1978 ያወጣው ባለ ነጭ ኮኑ ኤንኤስ-10 ደግሞ ለሳሎን ተሠርቶ ስቱዲዮ ውስጥ ነገሠ፤ ምርቱ በ2001 የቆመው ለኮኑ የሚሆነውን የእንጨት ፐልፕ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ ነው። ቢጫው ኬቭላር እንኳ ዘላለማዊ አልሆነም፤ ስፒከር ሠሪው ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ ለአርባ ዓመት ገደማ ካወደሰው በኋላ በ2015 በሌላ ሽምን ቁስ መተካት ጀመረ።

ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ በትዊተር ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ የቁሱ ጥንካሬ ጩኸቱን ከጆሯችን አቅም በላይ ሊገፋው ይችላል። ለቤሪሊየም ወይም ለአልማዝ የሚጠየቀው ገንዘብ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ ክሮስኦቨሩን በደንብ ለሠራ ሰው ቢከፈል ይሻላል።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ የኮኑን ስም ተዉትና ክሮስኦቨሩ ስንት ኸርዝ ላይ እንደተቆረጠ ጠይቁ፤ የመለኪያ ግራፉን አሳዩኝ በሉ። የምታውቁትን፣ የሰው ድምፅ የጎላበትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱና ቤታችሁ በምትከፍቱበት ልክ ግማሽ ሰዓት አዳምጡ። ሻጩ ግራፍ የለኝም ካለ ዋጋውን አስቀንሱት።