እውነት ወይስ ተረት? «መሪው ከበደ፤ በቃ ፓምፑ ሞቷል»

አሮጌ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ የሚነዳ ሰው መሪው ሲከብደው ጋራዥ ገብቶ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ፓምፑ ሞቷል» ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ፓምፕ ይገዛል፣ ያስገጥማል፤ መሪው ግን እንደከበደ ይቀራል። በከንቱ የሚወጣው ገንዘብ ያሳዝናል፤ የፓምፕ ጤንነት በጌጅ ተለክቶ የሚታወቅ ነገር ነውና።

«ቱቦውን ፍታው፤ ዘይቱ በኃይል ከወጣ ፓምፑ ደህና ነው።» ተረት ነው፤ አደገኛም ነው። ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ መንገዱ ሲዘጋበት ነው። ያረጀ ፓምፕም ቱቦው ክፍት ከሆነ ዘይቱን በደንብ ያፈስሳል። የሚረጨው ዘይት ደግሞ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ትክክለኛው ፍተሻ ጌጅና መዝጊያ ቫልቭ ያለው መለኪያ ይፈልጋል። መለኪያው በፓምፑና በመሪ ሳጥኑ መካከል፣ በግፊት ቱቦው ላይ ይገጠማል። ጌጁ በፓምፑ በኩል ይሁን፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ቫልቩ ሲዘጋ የፓምፑን ግፊት አያሳይም። ከዚያ ዘይቱ ይሞላል፤ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ አየሩ ይወጣል፤ ዘይቱ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይሞቃል። ማሞቁን ብዙዎች ይዘሉታል። ቀዝቃዛ ዘይት ግን ወፍራም ስለሆነ የደከመውን ፓምፕ ጤነኛ ያስመስለዋል።

ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው እየሠራ ቫልቩ ይዘጋል፣ ንባቡ ይታያል፣ ወዲያው ይከፈታል። ከ5 ሰከንድ በላይ ዘግቶ ማቆየት ደህናውን ፓምፕ ራሱን ሊያበላሽ ይችላል። በትናንሽ አሮጌ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ባር ይጠበቃል፤ ቁርጡን የሚናገረው የመኪናው ማኑዋል ነው።

ቀጥሎ ቫልቩ ተከፍቶ መሪው እስከ ጫፍ ለአፍታ ይዞራል። ቫልቩ ሲዘጋ በቂ የነበረው ግፊት አሁን ከወረደ ዘይቱ የሚያመልጠው በመሪ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ፓምፑ ንጹሕ ነው። በሁለቱም በቂ ከሆነ የጎማውን ንፋስና የመሪ መገጣጠሚያዎችን ተመልከቱ። በሁለቱም ዝቅ ካለ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ይዞራል፤ ያኔም ቢሆን ቺንጋው አለመንሸራተቱ ቀድሞ ይረጋገጥ።

«ንባቡ ከፍ ባለ ቁጥር ፓምፑ ጎበዝ ነው» የሚሉም አሉ። ማኑዋሉ ከሚለው በጣም ከበለጠ ግን ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተጣብቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ፓምፕ ቱቦ ሊያፈነዳ ይችላል።